እባብ ለነደፈው ውሻ የግፊት ኦክሲጅን ሕክምና፦ አገልግሎቱ ሲገመገም

እባብ የነደፈውን ውሻ ቻምበር በሚባል ዝግ ታንክ ውስጥ አስገብተው በከፍተኛ ግፊት ኦክሲጅን የሚያክሙ የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ሥጋ ለሚገድል መርዝ፣ ፀረ መርዙ ከተሰጠ በኋላ፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ከያዘው ጥሩ ረዳት ሕክምና ነው። ፀረ መርዝን ግን አይተካም። ይተካል የሚል ክሊኒክ ካጋጠመዎት ውሻዎን ይዘው ይውጡ። በውሾች ላይ ያለው ማስረጃም ገና ውስን ስለሆነ፣ «እርግጠኛ መድኃኒት» ብሎ መሸጥ ልክ አይደለም።

የሚረዳበት ምክንያት ግልጽ ነው። የእፉኝት መርዝ የደቃቅ ደም ሥሮችን ግድግዳ ይበላል። ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይሰርጋል፣ እግሩ ወይም ፊቱ ያብጣል፣ እብጠቱ ደግሞ የተረፉትን ደም ሥሮች ይጫናቸዋል። እናም መርዙ ያልገደለውን ሥጋ የኦክሲጅን እጦት ይገድለዋል። በተለመደው አየር በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን 0.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በ2 አትሞስፌር ግፊት (ከተለመደው የአየር ግፊት እጥፍ) ንጹሕ ኦክሲጅን ሲተነፈስ ወደ 4 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። በፕላዝማው፣ ማለትም በደሙ ፈሳሽ ክፍል ሟሙቶ ስለሚጓዝ፣ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ልብ በማያልፍበት የተጨመቀ ሥር በኩልም ሥጋው ጋ ይደርሳል። ደም ሥሮቹንም ጠበብ ስለሚያደርግ እብጠቱን ለመቀነስ ያግዛል። እንደ ማምባ ያለ ነርቭ የሚያሽመደምድ እባብ ከነደፈው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚዝሉት የመተንፈሻ ጡንቻዎች ናቸውና የሚያስፈልገው ፀረ መርዝና የመተንፈሻ ማሽን ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ እጅ በማይደርስበት ቻምበር መዝጋት አደጋ ነው።

ጎበዝ ክሊኒክ ቻምበሩን ሳይከፍት ያስታውቃል። ፀጉሩን ይላጫል፣ የእብጠቱን ጠርዝ በማርከር አስምሮ ሰዓቱን አጠገቡ ይጽፋል፣ የእግሩን ዙሪያ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ በሜትር ይለካል። ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ደቃቅ ሕዋሳት) እና የደም መርጋት ጊዜን ይመረምራል። የደረት ራጅም ያነሳል፤ ከሳንባ አምልጦ ደረት ውስጥ የተያዘ አየር ካለ፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ተለጥጦ ሳንባውን ይጨፈልቃልና። ያ ሳይታከም ቻምበር አይታሰብም። የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ሕመም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ያለበት ውሻም ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል።

አጥብቀን የምንመለከተው የእሳት ጥንቃቄውን ነው። ንጹሕ ኦክሲጅን በሞላበት ታንክ ውስጥ ትንሽ ብልጭታ ይበቃል። በፈረንጆቹ 2012 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ፈረስ በሕክምና ላይ እያለ ቻምበሩን ረግጦ በተነሳው ፍንዳታ ፈረሱም አንዲት ሠራተኛም ሞተዋል። ስለዚህ የአንገት ማሰሪያ ይወልቃል፣ ቫዝሊንና ቅባት ያለው ፋሻ ይነሳል፣ በአልኮል የተጠረገ ቆዳ በደንብ ይደርቃል፣ ባትሪ ያለው ማንኛውም መሣሪያ ውጭ ይቀራል። የሚነጠፈው ንጹሕ ጥጥ ብቻ ነው። ፀጉሩ የኤሌክትሪክ ሙል እንዳይዝ ውሃ ይረጭበታል፤ ቻምበሩም ከመሬት ጋር የተገናኘ ሽቦ ሊኖረው ይገባል። ሽቦውን አሳዩኝ ይበሉ፤ ደንበኛ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር ነው።

አንድ ዙር በተለምዶ ግፊቱን ለማድረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በ2 አትሞስፌር ለማቆየት ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ ለማውረድም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይሰጣል። ግፊቱ ሲጨምር ውሻው ራሱን ካራገፈ ወይም ጆሮውን በእግሩ ከፋቀ በጆሮው ውስጥና ውጭ ያለው ግፊት አልተስተካከለለትም፤ ባለሙያው ግፊቱን ትንሽ መልሶ ቀስ ብሎ መቀጠል አለበት። የከንፈር መንቀጥቀጥና ድንገተኛ መቁነጥነጥ የኦክሲጅን መመረዝ ምልክት ሊሆን ይችላል። ውሻው ከተንዘፈዘፈ ኦክሲጅኑ ይቀነሳል፤ ግፊቱ ግን ወዲያው አይለቀቅም። በተገታተረበት ቅጽበት ትንፋሹ ስለሚታፈን፣ ውስጡ ያለው አየር ሲለጠጥ ሳንባውን ይቀደዋል። መተንፈስ እስኪጀምር ይጠበቃል። ስለዚህ ዓይኑን ከመስኮቱ የማይነቅል ሰው ከቻምበሩ አጠገብ ከሌለ አገልግሎቱን አንመክርም።

በዙሮቹ መካከል ቁስሉ በሳላይን (በሕክምና የጨው ውሃ) በራሰ ጎዝ ይሸፈናል። በረዶ፣ ጠበቅ ያለ ማሰሪያ፣ ምላጭ አይነካውም። የደም መርጋት ውጤቱ ደህና እስኪሆን ድረስ እንደ ሜሎክሲካም ያለ ማስታገሻ አይሰጥም። የጠቆረውን ሥጋም ቶሎ መቁረጥ ስሕተት ነው፤ የሞተውና የሚድነው የሚለዩበት ድንበር እስኪወጣ ጥቂት ቀናት ያስፈልጋሉ፣ ቻምበሩም ዋጋ የሚኖረው ያንን ድንበር ለማጥበብ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ዙሮች በኋላ መስመሩንና ሜትሩን አመሳክሩ። ጠርዙ ሮዝ ሆኖ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ መቀጠል ያዋጣል። ድንበሩ ደርቆ ከጠነከረ ግን የሞተ ሥጋ በኦክሲጅን አይመለስምና፣ ለተጨማሪ ዙር ከመክፈል ይልቅ ገንዘቡ ለቀዶ ጥገናው ይዋል።