ጥርቡን ጭነው ጎታውን የሚሰብሩ፦ በደላንታ የአሮጌ ቤት ማፍረስ አገልግሎት ሲገመገም

በወሎ፣ በደላንታና በዙሪያው አሮጌ የገበሬ ቤት ማፍረስ ራሱን የቻለ የእንጀራ ሥራ ሆኗል። ቀድሞ ቤት የሚፈርሰው ባለቤቱ ጎረቤቱን በደቦ ጠርቶ፣ ጠላ አስጠምቆና ንፍሮ አስቀቅሎ ነበር፤ ዛሬ ግን ከደሴ ወይም ከወገል ጤና ዲጂኖና ገመድ ይዞ የሚመጣ፣ ቤቱን አይቶ የሚገምት፣ አፍርሶም ዕቃውን በኢሱዙ ጭኖ የሚሄድ ቡድን ማግኘት አያስቸግርም። ቤተሰባችን ከአያቶቹ የወረሰውን የድንጋይ ቤት ከነጋጣውና ከነጎተራው ለማፍረስ ከእነዚህ አንዱን ቀጥሮ ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ ከጎረቤት እንደሰማሁት የሌሎቹም አሠራር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ስለዚህ ግምገማው ተመሳሳይ ቤት በእጁ ላለ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ቤቱ ምን ዓይነት እንደነበረ መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አፍራሹ ምኑን እንዳተረፈና ምኑን እንዳጠፋ መመዘን አይቻልም። ቤቱ ክብ ነው፤ ግድግዳው ከጥቁር ድንጋይ በጭቃ የተካበና ውፍረቱ ከአንድ ክንድ የሚያልፍ ሲሆን፣ ጭቃው ጭድ ገብቶበት ብዙ ቀን ተረግጦና ቦክቶ የዋለ ስለነበር ሲፈርስ እንኳ እንደ ደረቅ ዳቦ በቁራሽ በቁራሽ እንጂ በአቧራ አልወረደም። መሀል ላይ የጽድ ምሰሶ ቆሟል፤ ወጋግራው ወይራ ነው፤ ማገሩ በልጥ ታስሯል። ደላንታ ደጋ ስለሆነና ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድበት ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ግድግዳ ውስጥ ያድር ነበር፤ የመኝታው ቆጥ የተሠራው ከጋጣው በላይ ነውና የከብቱ ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ ሰውን ያሞቃል። የምድጃው ጭስ ደግሞ መውጫ አጥቶ ሳይሆን ታስቦበት በሳሩ ውስጥ እየሰረገ ሲያልፍ፣ ወጋግራውን በጥቀርሻ ለብጦ ከብል ይጠብቀዋል። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ሁሉ እንደ ኋላ ቀርነት ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ነገር ምክንያት ነበረው።

ታዲያ ለምን ፈረሰ ቢሉ፣ መልሱ ቀላል ነው። የሚኖርበት ሰው አልነበረም፤ የግጦሹ መሬት እየታረሰ ስላለቀ ለክዳን የሚሆን ረጅም ሳር በቅርብ አይገኝም፤ ሳሩ ካልታደሰ ደግሞ ዝናቡ በግድግዳው አናት ገብቶ ጭቃውን ያጥበዋል፣ ካቡም ይከፈታል። የእኛ ቤት በበሩ በኩል መንጋደድ ጀምሮ ነበርና ሕፃናት በሥሩ ስለሚጫወቱ መቆየት አልቻለም። በአካባቢው የሌሎች ቤቶች ታሪክም ከዚህ ይቀራረባል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በሰፈራ ከወሎ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል የተወሰዱ ሰዎች ቤታቸውን ባዶ ትተው ሄዱ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ደግሞ እጁ ብር የገባለት ሰው መጀመሪያ የሚለውጠው ጣሪያውን ሆነ። ቆርቆሮ ሌሊት ይበርዳል፣ በረዶ ሲዘንብ ጆሮ ያደነቁራል፤ ቢሆንም አያፈስም፣ በየጊዜውም ክደነኝ አይልም፤ ስለዚህ የመረጠውን ሰው የምወቅስበት አንደበት የለኝም።

ወደ አገልግሎቱ ስንመለስ፣ የቡድኑ መሪ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ለግምት በመጣ ጊዜ በመጥረቢያው ጀርባ ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ እያንኳኳ ድምፁን አዳመጠ፤ ከዚያም በቢላዋ ጥቁሩን ጥቀርሻ ፍቆ ቀላ ያለውን የጽድ ሥጋ አወጣና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ሽታው ዛሬ የተቆረጠ ያህል ትኩስ ነበር። ዋጋውን የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው። ክፍያው በሁለት መንገድ ይፈጸማል፦ አንደኛው ባለቤቱ የሠራተኛውንና የጭነቱን ሒሳብ በብር ከፍሎ ዕቃውን ለራሱ የሚያስቀርበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቡድኑ ያለ ብር አፍርሶ እንጨቱንና ድንጋዩን የሚወስድበት ነው። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ እኛም እንዲሁ አደረግን። የአገልግሎቱ በጎም ክፉም የሚመነጨው ከዚሁ ምርጫ ነው።

በጎውን ላስቀድም። ጣሪያውን ያወረዱት ከጉልላቱ ጀምረው በሥርዓት ነው፤ ሳሩን ወደ ውስጥ ጥለው፣ ልጡን እየቆረጡ ወጋግራውን አንድ በአንድ በገመድ አወረዱ፤ አንድም ወጋግራ ሲሰበር አላየሁም። ግድግዳውን እንደ አንዳንዶቹ በዲጂኖ ገፍተው አልጣሉትም፤ ከላይ እየነቀሉ ድንጋዩን በሁለት ክምር ለዩት፦ ፊት ያለው በአንድ ወገን፣ ሙሌቱ በሌላ ወገን። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ግንበኛ እያንዳንዱን የበር ማዕዘን ድንጋይ ሲያነሡ በእጃቸው መዳፍ ይዳብሱትና የቀድሞው ጠራቢ መሮውን ያሳረፈበትን አቅጣጫ ለወጣቶቹ ያሳዩ ነበር። የሥራ ጊዜያቸውም የተጠበቀ ነው፤ አይጠጡም፣ አይሳደቡም፤ የጎረቤት ቅሬ (ዕድር) ለቅሶ በነበረበት ቀን ሥራ አቁመው መዋላቸውን በተለይ እጠቅሳለሁ።

ክፉው የሚጀምረው የማይሸጥ ነገር ላይ ሲደርሱ ነው። በቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው ጀርባ፣ አያታችን በእጃቸው የሠሩት ጎታ ነበር። ጎታ ያልተተኮሰ ጭቃ ነው፤ በቀለበት በቀለበት እየደረቀ በላዩ ላይ እየተጨመረበት እዚያው ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ከበሩ ይሰፋል፤ ቤቱ እያለ ሊወጣ አይችልም። እዚህ ግን ጣሪያው ወርዶ፣ ግድግዳውም እስከ ወገብ ዝቅ ብሎ ስለነበር ሁለት ሦስት ሰው ቀለበቶቹን ለይቶ በላይ በኩል ሊያወጣቸው ይቻል ነበር። አክስቴ «አንተ ልጅ፣ እሱን እንኳ ተወው፣ ከእናቴ እጅ የወጣ ነው» ብለው ለምነው ሳይጨርሱ በአካፋ ተሰበረ። ሁለቱ ጎተራዎችም ዕጣቸው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ከቀጫጭን እንጨት ተጎንጉነው፣ ከውስጥም ከውጭም በጭቃና በእበት ተለስነው፣ አይጥና እርጥበት እንዳይደርስባቸው በድንጋይ ላይ የተቀመጡ ነበሩ፤ ከአሮጌው የጣሪያ ሳር ጋር ተከምረው ተቃጠሉ። ቅሬታዬን ለመሪው ስነግረው የመለሰልኝ መልስ ሐቀኛ ነበር፦ «ጋሼ፣ ለእኔ የሚተርፈኝ እንጨቱና ጥርቡ ነው፤ ጭቃ ጭኜ ደሴ ብገባ ማን ይገዛኛል?»

ንግግሩን ብዙ አሰብኩበት፤ በእርሱ ወገን ሆኜ ሳየው ልክ ነው። ዕቃ የሚከፈለው ሰው የሚጠነቀቀው ለዕቃው ብቻ ነው። ምሰሶውን እንኳ ለኢሱዙው ርዝመት እንዲመች ከመሀሉ በመጋዝ ከፈሉት፤ ለአናጢ የሚሸጠው በጣውላ መልክ ስለሆነ ቁመቱ ለእነሱ ምንም አይጨምርላቸውም፣ ለቤቱ ታሪክ ግን ዋናው እርሱ ነበር። እንዲህ ያለ ጽድ ዛሬ ከጫካ ቆርጦ ማምጣት አይቻልም፤ ደኑ አልቋል፣ የቀረውንም መቁረጥ ሕግ ይከለክላል። ከአንድ ግንድ የተፈለጠውን መዝጊያ ግን፣ ያለ ብረት ማጠፊያ በራሱ ምላስ የሚዞረውን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጫኑት፤ ለሎጅና ለባህል ምግብ ቤት ጌጥ የሚፈልገው ነጋዴ አለና።

የመንግሥትን ጥበቃ የሚጠብቅ ሰው ካለ ብዙ ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ይሁን እንጂ የአንድ ገበሬ ጎተራ እስከ ቅርስ መዝገብ የሚደርስበት መንገድ ሩቅ ነው። የላስታ ሰዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩት ባለ ደርብ ክብ ቤቶቻቸው የሚገኙት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ስለሆነ ስማቸው አብሮ ይነሣል። የደላንታው ቤት ጎረቤቱ የገብስ ማሳ ነው።

እንግዲህ ቤት ለማፍረስ የተገደደ ሰው ቡድኑን ይቅጠር ወይስ አይቅጠር? ለድንጋይ ቤቱ ይቅጠር፤ ወጣት ጎረቤቶች በዲጂኖ ገፍተው ከሚጥሉት እጅግ የተሻለ ነው፣ አደጋውም ያነሰ ነው። ከተቻለ ግን ክፍያውን በብር ያድርገው፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው የሚታዘዘው ለባለቤቱ እንጂ ለደሴ እንጨት ነጋዴ አይሆንም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ምሰሶው ሳይቆረጥ እንዲወርድና ጎታው የሚወጣበት ቀን ተለይቶ ቢጻፍበት መልካም ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቤቱን ስፋትና የወጋግራውን አደራደር በሜትር ለክቶ በስልክ ፎቶ ማስቀረት ምንም ወጪ የለውም። ወራቱም ታኅሣሥና ጥር ይሁን፤ አዝመራው ተሰብስቦ፣ የበልጉ ዝናብ መንገዱን ሳያጨቀየው ማለት ነው።

ጎተራውን በተመለከተ ምክሬ የተለየ ነው። እህሉን ነቀዝ ከማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ውስጥ የጨመረ ሰው ጎተራው ትርፍ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ቦታ አይጣበብበትም፣ ሰው ላይ አይወድቅም፣ ከላዩ ያለውን ሳር ማደስም የጥቂት ሸክም ሥራ ነው። አፍራሽ የሚጠራለት ነገር አይደለም።

ከአምስት ሦስት እሰጣቸዋለሁ፦ ሦስቱንም በድንጋዩና በጣሪያው አያያዝ። የአጎቴ ቤት ተራው ሲደርስ የምንጠራው ይህንኑ ቡድን ነው፤ ክፍያው ግን በብር ብቻ ይሆናል፣ ጎተራውም በውሉ ውስጥ አይገባም።