ከሰርግ ድካም ያወጣችኝ ትንሽዬ ሌንስ

ዘንድሮ ካሜራዬ አስጠልቶኝ ነበር። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ መልስ፤ ያው ፖዝ፣ ያው ኬክ ቆረሳ። ዙም ሌንሱን ከካሜራው ሳልፈታ ወራት አለፉ። ከዛ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያገለገለች ካኖን 50 ሚሊሜትር፣ 1.8 ኤስቲኤም ሌንስ አየሁና ገዛኋት።

160 ግራም ብቻ ናት። ዙም ስለሌላት ዙሙ እግርህ ነው። የእኔ ካሜራ ሴንሰሩ አነስ ስለሚል እንደ 80 ሚሊሜትር ሌንስ አጥብባና አቅርባ ታሳያለች፤ የአራት ኪሎን ሐውልት ሙሉውን ለማስገባት መንገድ ተሻግሬ ወደ ኋላ ማለት ነበረብኝ። ጠባብ ቤት ውስጥ አትመችም፣ አልዋሽም።

ግን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ሊስትሮ ፊት ቁጭ አልኩ። እስከ 35 ሳንቲሜትር ቀርባ ትፎክሳለች። የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳዋን እስከ መጨረሻው፣ 1.8 ላይ ከፍቼ የብሩሹን ጸጉርና ጥቁር ቀለም የጠጣውን አውራ ጣቱን አነሳሁ፤ ከኋላ ነጠላ የለበሰው ምዕመን ነጭ ጭጋግ ሆነ። ልጁ ሳቀብኝ፦ «ብራዘር፣ እኔ እያለሁ ብሩሹን ምን ያደርግልሃል?» እሱንም አነሳሁት። ጫማዬ ሁለቴ ተጠረገ።

ሱቁ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። የኋላ ክዳኗን «ነገ ና» እያሉ ሦስት ጊዜ አመላለሱኝ፤ አሁንም በፌስታል ጠቅልዬ ነው የምይዛት። ያገለገለ ስትገዙ በስልካችሁ ባትሪ ውስጡን አብርታችሁ እዩ፤ ሻጋታ ካለው እንደ ሸረሪት ድር ይታያል። የእኔዋ ንጹህ ናት። ነገ መርካቶ ይዣት እወጣለሁ።