ሲንግል ፌዝ፣ ስሪ ፌዝ ወይስ 48 ቮልት? ኃይል ለሚበላ ራክ መስመር ስንመርጥ

ራኩ (ሰርቨሮች የሚደረደሩበት ቁም ሳጥን) ገና ግማሽ ባዶ ነው፣ ብሬከሩ ግን ሞልቷል። የጂፒዩ (ለከባድ ስሌት የሚሠራ ቺፕ) ሰርቨር የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይህንን ነው።

ሲንግል ፌዝ 230 ቮልት፣ 32 አምፔር መስመር 7.4 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። ለተራ ሰርቨሮች አያንስም። ስምንት ጂፒዩ የታጨቀበት አንድ ሰርቨር ግን ብቻውን ወደ 10 ኪሎዋት ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ይህን እንለፈው።

ስሪ ፌዝ 400 ቮልት (ኃይሉ በሦስት ፌዝ ተከፍሎ የሚመጣበት መስመር) በዚያው 32 አምፔር 22 ኪሎዋት ይሰጣል፤ በ63 አምፔር ደግሞ 43 ይደርሳል። ከሦስት ሽቦ ወደ አምስት ሽቦ ሲሄዱ ኃይሉ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጣጣው ሚዛኑ ላይ ነው። ሰርቨሮቹ አንድ ፌዝ ላይ ከተከመሩ፣ ሁለቱ ፌዞች እያላገጡ አንዱ ብሬከሩን ይጥላል። ፒዲዩ (በራኩ ውስጥ ለሰርቨሮቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ባለ ብዙ ሶኬት ዘንግ) ስትገዙ የየፌዙን አምፔር ለየብቻ የሚያሳይ ይሁን። የሲ19 ሶኬቶቹንም ቁጠሩ። ሲ13 እስከ 10 አምፔር ነው፣ ትልልቆቹ ሰርቨሮች 16 አምፔሩን ሲ19 ይፈልጋሉ። የሰሜን አሜሪካ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው፦ ስሪ ፌዝ 208 ቮልት፣ 30 አምፔር የተባለው ዘላቂ ጭነቱ እስከ 80 በመቶ ስለሆነ የሚሰጠው 8.6 ኪሎዋት ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። ኤ እና ቢ የሚባሉ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲሸከም የሚገቡ ሁለት መስመሮች ስላሉ 22 እና 22 ደምሮ 44 ይላል። አይደመርም! አንድ ራክ አስታውሳለሁ፤ ሁለቱም ፒዲዩ 20፣ 20 አምፔር ያሳያሉ፣ ሁለቱም ጤነኛ ይመስላሉ። ለጥገና ኤን አጠፉት። ቢ 32 አምፔር ብሬከር ላይ 40 ተሸከመ። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልሆነም፣ ሰውም ተረጋጋ። ከዚያ ቀጭ! የደጋፊዎቹ ጩኸት በአንዴ ጸጥ አለ።

በጣሪያ በኩል የሚዘረጋው ባስዌይ (ለየራኩ ኃይል የሚያወጣ ሳጥን የሚሰካበት የኃይል ሐዲድ) ከኬብል የሚሻለው ራኮች ቶሎ ቶሎ ለሚቀየሩበት ክፍል ነው፤ ከ32 ወደ 63 አምፔር ለመሄድ የሚነቀለው ሳጥኑ ብቻ ነው። ለአራት አምስት ራክ ግን ወጪው አያዋጣም።

48 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) ሌላ ዓለም ነው። ሰርቨሮቹ የራሳቸው ፓወር ሰፕላይ የላቸውም፣ ከራኩ ጀርባ ባለው ባስባር (ኃይል የሚያደርስ ወፍራም የመዳብ ዘንግ) ላይ ይሰካሉ። ከ12 ቮልት ጋር ሲነጻጸር ከረንቱ ሩብ ስለሚሆን በመዳቡ ላይ የሚባክነው ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ጎግል በ2016 ወደ ኦፕን ኮምፒዩት (ኩባንያዎች የሰርቨርና የራክ ዲዛይን የሚጋሩበት ፕሮጀክት) ያመጣውም ለዚሁ ነው። ችግሩ፣ ያላችሁን ተራ ሰርቨር አይቀበልም። ራኩን ከነሰርቨሩ ካልገዛችሁ አትሞክሩት። ደግሞም ጣሪያ አለው፦ 120 ኪሎዋት በ48 ቮልት 2,500 አምፔር ነው። ኤንቪዲያ በ2025 ስለ 800 ቮልት ዲሲ ማውራት የጀመረው ያን ያህል መዳብ ራክ ውስጥ መጠቅጠቅ ስለማያዛልቅ ነው።

እኔ ብሆን እስከ 20 ኪሎዋት ላለ ራክ ሁለት የ32 አምፔር ስሪ ፌዝ መስመር እገዛለሁ፤ ኤ እና ቢ አንድ ላይ ሲደመሩም በየፌዙ ከ32 እንዳያልፉ አደርጋለሁ።