የኮሮላዬ ሁለት የፊት አክስሎች ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

መኖሪያዬ ደሴ፣ የሥራ ቦታዬ ኮምቦልቻ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ደሴ በ2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ሐረጎ በተባለው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ የፊት ጎማ ሳይታጠፍ የሚጓዝበት ቦታ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመረተችው ኮሮላዬ በፊት ጎማዎቿ የምትጎተት በመሆኗ፣ ያው ጎማ መሪውን ተከትሎ እየታጠፈ መኪናዋን ሽቅብ መሳብም አለበት። ይህን ድርብ ሥራ የሚያስችለው ኃይልን ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ጎማ በሚያደርሰው ዘንግ፣ ማለትም በአክስሉ የውጭ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ስድስት ኳስ ጆይንት (ተጣጣፊ መጋጠሚያ) ሲሆን፣ የጆይንቱን ዕድሜ የሚወስነው ደግሞ ግራሶውን አቅፎ የያዘውና አቧራና ጭቃ የሚከላከለው ሽንሽን ላስቲክ ነው።

የቀኙ ላስቲክ መቀደዱን ያወቅሁት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ የሄድኩበት ጋራዥ አክስሉን ማውጣት ሳያስፈልግ ጎኑ ተሰንጥቆ የተዘጋጀ ላስቲክ አልብሶ በማጣበቂያ እንደሚዘጋልኝ ነገረኝ፤ ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል ብዬ ተስማማሁ። ማጣበቂያው አንድ ወር እንኳ አልቆየም። ክረምቱን ሙሉ የሰፈራችን ጭቃ በተከፈተው ስፌት ገባ፣ መስከረም ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ስነሳ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሌላ መካኒክ ዘንድ መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ የቀኝ ጎማው ቸርኬ በውስጥ በኩል በጥቁር ግራሶ ተረጭቶ አየን። በግራ በኩል ደግሞ ላስቲኩ ከሽንሽኑ ግርጌ የጥፍር ስፋት ያህል ብቻ ተከፍቶ ነበር። መካኒኩ ከሁለቱም ጆይንቶች ጥቂት ግራሶ ወስዶ በየተራ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሽቶ እኔም እንድሞክር እጄ ላይ አኖረልኝ። የግራው እንደ ቅቤ ለስላሳ ነበር፤ የቀኙ ግን በጣቶቼ መካከል ተንኮሻኮሸ። «ጋሼ፣ ይኼኛው አሸዋ በልቷል፤ አያስታምሙት። የግራውን ግን ላስቲክ ብቻ ይቀይሩለት» አለኝ። ስለዚህ በቀኝ አዲስ አክስል በሙሉ፣ በግራ ደግሞ አዲስ ላስቲክና ግራሶ ብቻ ተገጠመ፤ እኔም ሁለቱን የጥገና መንገዶች በአንድ መኪና፣ በአንድ መንገድ ላይ ለማነጻጸር ዕድል አገኘሁ።

የግራው ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ። ጆይንቱ ከዘንጉ ተነቅሎ በቤንዚን ታጠበ፤ ኳሶቹና ኳሶቹን የያዘው ቀለበት አንድ በአንድ ወጥተው፣ የሚንከባለሉባቸው ቦዮች በባትሪ ብርሃን ታዩ። ቦዮቹ አንጸባራቂ ሆነው ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ስላልነበራቸው፣ እያንዳንዱ ኳስ በነበረበት ቦታ ተመልሶ ከላስቲኩ ጋር የመጣው ጥቁር ግራሶ ተሞላ። ይህ ግራሶ ሞሊብዴነም (የብረት ፍትጊያን የሚቀንስ ማዕድን) ያለበት ነውና ለጎማ ኩሽኔታ የሚቀባው ተራ ግራሶ እንዲተካው መፍቀድ አይገባም። መካኒኩ ትልቁን ማሰሪያ በልዩ ጉጠት ካጠበቀ በኋላ፣ ትንሹን ከማሰሩ በፊት ስስ ካቻቢቴ አስገብቶ የታፈነውን አየር አስወጣ። ብዙዎች በማሰሪያው ፋንታ ሽቦ ይጠመጥማሉ፤ ሽቦ ግን ላስቲኩን ራሱ ስለሚቆርጠው እኔ በፍጹም አልቀበለውም።

የቀኙ አክስል በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ሲገዛ የጥርሱ ብዛት፣ ርዝመቱና የኤቢኤስ (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ቀለበቱ ከአሮጌው ጋር ተነጻጽሯል፤ የሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ዳዶም በአዲስ ተተክቷል፣ አክስሉ ሲወጣ ከካምቢዮ የፈሰሰው ዘይትም ተሞልቷል። የከፈልኩት ዋጋ ለግራው ላስቲክ፣ ግራሶና የእጅ ሥራ በድምሩ ካወጣሁት አራት እጥፍ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ 17 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዣለሁ። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ሁለቱም ዝም አሉ። በአምስተኛው ወር ግን ከኮምቦልቻ ስመለስ፣ ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ እየወጣሁ ነዳጅ ስረግጥ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እግሬን ሳነሳ ወዲያው ይጠፋል። የጎማ ሚዛን አስተካከልኩ፣ ለውጥ አልነበረም። ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ወደ ካምቢዮው በኩል ካለው ባለ ሦስት እግር የውስጥ ጆይንት ልልነት ሊነሳ ይችላል፤ የቀኙ አዲስ አክስል በእጅ ሲወዘወዝም ከግራው የበለጠ ክፍተት እንዳለው ተረጋገጠ። በአሥራ አንደኛው ወር ደግሞ ገና ያልተቀደደው የውጭ ላስቲኩ በሽንሽኖቹ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ መሰንጠቅ ጀመረ። የፋብሪካው ላስቲክ እኔ እስከማውቀው ድረስ ብዙ ዓመት እንዲህ አልሆነም።

የግራው፣ ከፋብሪካው ጀምሮ ያለው አሮጌ ብረት፣ እስከ ዛሬ አንድ ድምፅ አላሰማም። ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ማሰሪያዎቹ አልላሉም፣ ከውጭ የግራሶ ርጥበት የለም። ይህን ስመለከት ከሁሉ የሚቆጨኝ በሰኔ ያባከንኩት ጊዜ ነው፤ ያኔ የቀኙም ግራሶ ንጹሕ ስለነበር፣ ጆይንቱን አስፈትቼ ሙሉ ላስቲክ ባስገባለት ኖሮ ያ ጠንካራ ብረት አሁንም ከመኪናዬ ጋር በሆነ ነበር። አዲስ የተባለ ዕቃ ሁሉ ከአሮጌው ይሻላል የሚለውን አስተሳሰብም በዚህ ክፍል ረገድ ትቼዋለሁ።

ድምፅ ለጀመረ ጆይንት ግን አዲስ ላስቲክ ማልበስ ትርፉ ድካም ነው፤ የተበላ ቦይ በግራሶ አይሞላም። ስለዚህ የቀኙን እንደገና መቀየሬ አይቀርም። በዚህኛው ጊዜ የማስመጣው ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ሲሆን፣ ከመገጠሙ በፊት ተፈትቶ ቦዮቹ እንዲታዩ፣ የውስጡም የውጩም ላስቲክ በአዲስ እንዲተካ ከመካኒኬ ጋር ተስማምተናል። ላስቲኮቹን፣ ማሰሪያዎቹንና ሁለት ከረጢት ግራሶ ገዝቼ ቤት አስቀምጫለሁ፤ ሥራው ጥር ውስጥ፣ በልግ ሳይገባ ይጠናቀቃል።