ቸርችል ላይ የገዛሁት 8 በ42 ባይኖኩላር፣ ከ6 ወር በኋላ

ወፍ ማየት ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ በቁጥሩ ትልቅነት ባይኖኩላር እንዳትገዙ (8 በ42 ሲባል 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው)። እኔ መጀመሪያ ኦንላይን አንድ ሻጭ 30 በ60 ብሎ የለጠፈውን አየሁና ትልቅ ስለሆነ ወዲያው ገዛሁት፣ ከዛ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገፈርሳ ግድቡ ዳር ቆሜ ሳይበት ጭልም ያለ ነው፣ እጄ ትንሽ ከነቃነቀ ደግሞ ውሃው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ዝይውን ከድንጋይ መለየት ሲያቅተኝ ቀረብ ልበል ብዬ ሳሩ ውስጥ ስገባ የነበሩት ሁሉ ብር ብለው ተነሱ። እስካሁን ይቆጨኛል፣ በሰላም እየጋጡ ነበር እኮ።

ይሄኛውን ያገኘሁት ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ወደ ፖስታ ቤት ሲወረድ ካለች ጠባብ የካሜራ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ 10 በ50 ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ለጠዋት ከሆነ ብርሃን ነው የሚያስፈልግህ፣ ይሄን ይዘህ ውጣና እይበት» ብለው 8 በ42ቱን ሰጡኝ። ውጪ ወጥቼ የንግድ ባንክን ፎቅ ጫፍ አየሁት፣ መስመሩ አንድ ነው፣ ድርብ ሆኖ አይታይም። ከዛ ግራ ዓይኔን በመሀለኛው ጎማ፣ ቀኙን በቀኝ በኩል ባለው ቀለበት ለየብቻ እንዴት እንደማስተካክል አሳዩኝ፣ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 42ን ለ8 ስታካፍሉ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት 5 ሚሊሜትር ያልፋል፣ የድሮዬ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው እውነት ቢሆን እንኳን 2 ሚሊ ነው፣ ንጋት ላይ ደግሞ የዓይናችን ብሌን ስለሚሰፋ ልዩነቱ ያኔ ይታያል።

ገፈርሳ ተመልሼ ሄድኩ፣ ከመንገዱ ሳልወርድ። እዚህ አገር ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አስተኝቶ ሲራመድ አየሁት። ሩዤ ሬይል የሚሏት ቡናማ ወፍ ደግሞ ቄጠማው ስር ጅራቷን ብድግ ባደረገች ቁጥር ከስሩ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል፣ ከዛ ርቀት! ሳትረብሹ ማየት ማለት ይሄ ነው።

ይሄን አጥብቄ የምለው በበርጋ ረግረግ ምክንያት ነው። ከሆለታ አለፍ ብሎ ነው፣ ከዓለም ሊጠፉ ከተቃረቡት አንዷ የሆነችው ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የምትባል ትንሽ የረግረግ ወፍ ክረምት ላይ እዛ ትራባለች፣ ከኢትዮጵያ ውጪ መራባቷ የተረጋገጠው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። ጎጆዋ ሳር ውስጥ መሬት ላይ ስለሆነ የከብት ኮቴ ይጨርሰዋል፣ ሳሩ እንዲያድግላት የአካባቢው ሰው በመራቢያዋ ወቅት ከብቱን ከዛ ያርቃል። ገበሬው ግጦሹን ትቶላት እኛ ለፎቶ ብለን ጫማችንን ይዘን ብንገባ ነውር ነው።

እንከኑስ? የዓይኑ ላስቲክ በ3ኛው ወር ላላ፣ መነጽር ለምታደርጉ ያስቸግራል። ማንገቻው ቀጭን ስለሆነ አንገት ይበላል፣ እኔ ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ በሰፊ ቆዳ አስቀይሬዋለሁ። ዋጋው 18 ሺህ ብር ነበር፣ ትንሽ ቀንሰውልኛል። ዋስትና የለውም፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን አዙሩት፣ የማያው ቀዳዳ ላይ ያለው ብርሃን ሙሉ ክብ ካልሆነና ጠርዙ የተቆረጠ ከመሰለ ሌላ አውጡልኝ በሏቸው፣ አይቆጡም።