እድር ይሻላል ወይስ የቀበሌ ኮሚቴ?

በገጠር ለጎርፍ ወይም ለመሬት መንሸራተት በጎ ፈቃደኞችን ማደራጀት ሲታሰብ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ያለውን እድር መጠቀም ነው። ሌላው በቀበሌው በኩል አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም።

በፍጥነት እድርን የሚያክል የለም። ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ማንም ሳይጎተጉተው ይወጣል። ድንኳኑም ድስቱም አለ፤ መዋጮውም የተለመደ ነው። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ጎረቤት ያውቃል። ኮሚቴው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ቃለ ጉባኤ ላይ ይቀራል።

ፍጥነት ብቻውን ግን ሊገድል ይችላል። ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ሲንሸራተት፣ ሰዉ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጦ ደረሰ። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ለእርዳታ የመጡ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቦታ «ቆዩ፤ መጀመሪያ ተዳፋቱን የሚጠብቅ ሰው ይቁም» የሚል የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ሥልጠናውንና የሚቲዎሮሎጂ ማስጠንቀቂያውን ከወረዳ ለማምጣት ደግሞ ኮሚቴው ይቀለዋል።

እኔ ብሆን ከእድሩ እጀምራለሁ። ጥቂት ወጣቶች መርጦ ማሠልጠን፣ አንዱን ከቀበሌው ጋር አገናኝ ማድረግ። አንድ ጉድለት ግን አለ፦ መዋጮ ያቃተው ድሃ እድር ውስጥ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ቤት ለቤት ዞሮ አባል ያልሆነውንም መመዝገብ የግድ ነው።