ለወሎ ቢራቢሮዎች፦ የመንግሥት ፓርክ ወይስ የቀበሌ ክልል?

ደቡብ ወሎ ውስጥ የደንቆሮ ጫካን የያዘው የቦረና ሳይንት ፓርክ በሕግ የተጠበቀ ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ አጥፊን ያስቀጣል፤ ጠባቂም አለ። ለደጋው ደን ቢራቢሮዎች ከዚህ የሚሻል መጠለያ የለም። ድንበሩ ግን እርሻ ዳር ሲደርስ ያበቃል።

ብዙዎቹ ቢራቢሮዎች የሚፈለፈሉት ከዚያ ውጭ ነው። ትሉ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም፤ አንዱ ጦቢያ፣ ሌላው የሎሚና የብርቱካን ቅጠል፣ ነጫጮቹ ደግሞ የጉመሮን ወገን ይፈልጋሉ። አጥር ዳር ያለው ጉመሮ ከተመነጠረ አዋጁ ብቻውን አያድናቸውም።

ስለዚህ ለቆላውና ለወይናደጋው የቀበሌውን ክልል፣ ማለትም ነዋሪው ራሱ ከልሎ የሚጠብቀውን ቦታ፣ እንመርጣለን። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ስለሚያውቅ የውስጥ ደንቡ ሕጋዊ መሠረት ያገኛል። ክልሉ የሚበላሸው በሣር አጨዳ ነው። ኅዳር ላይ ተራራው በአንድ ጊዜ ሲላጭ በሣሩ ላይ ያለው እንቁላል፣ ትልና ሙሽሬ (ትሉ ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ያለው ደረጃ) አብሮ ወደ ከብት ግርግም ይገባል። ደንቡ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ በየዓመቱ ሢሶው ሳይታጨድ ይቆይ፤ ተራው ይዙር፤ ከጅረት ዳር 5 ሜትር አይነካ፤ ጉመሮና ጦቢያ አይቆረጡ።

ባዶውን ቦታ በባሕር ዛፍ መሙላትም ስህተት ነው፤ ከሥሩ አበባ እምብዛም አይበቅልም። የፀረ ተባይ ርጭት ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ከክልሉ ርቆ ይሁን።